ጠበቃ በድርሰታችን ውስጥ

ደራሲዎቻችን ጠበቃን በልብ ወለድም ሆነ በተውኔት ሲያመጡት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይሰጡታል፤ የማይደክም ምላስና የማይሞላ ኪስ። ይህን ሥዕል ፈጽሞ ሐሰት ነው አንለውም፤ ጎደሎ ነው እንለዋለን።

ሥሩ ሩቅ ነው። አባቶቻችን በችሎት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥም ሲሟገቱ፣ ከበው የሚያዳምጡት ሰዎች የሚያደንቁት የነገር ዐዋቂውን አንደበት ነበር። በሕግ ከሄደችበት በቅሎ ይልቅ ያለ ሕግ የተወሰደችበት ጭብጦ የምትቆጨው ሕዝብ፣ ሙግትን እንደ ጨዋታም እንደ ክብርም ቢቈጥረው አያስደንቅም። ድርሰታችንም ከዚህ ቅርስ ጆሮን ወረሰ፤ ዐይንን ግን አልወረሰም።

ሥራው ግን ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ከወጡ ወዲህ ሙግት ከምላስ ወደ ብዕር ዞሯል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ይህን ቀን የዘነጋ ጠበቃ፣ አንደበቱ ማር ቢሆን እንኳ ደንበኛውን አያድነውም።

ለምሳሌ በጌዴኦ፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ በምትገኘው በዱመርሶ፣ ኑሮው ቡናና እንሰት በተተከሉባት ጠባብ ማሳ ላይ የቆመ አንድ ገበሬ አለ እንበል። ድንበሩ ቢገፋበት ነገሩን ለሶንጎ፣ ማለት ለሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ሊያቀርብ ይችላል፤ በዚያ ብዙዎች አብረው ስለሚመክሩ የነገሩን ሸክም ይካፈሉታል። እርቅ ጠፍቶ ክርክሩ ዲላ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ያው ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ገበሬው ጉዳዩን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጠበቃው መዝገቡን ይዞ ያድራል። ቢረታ «እውነት ረታች» ይባላል፤ ቢረታበት «ጠበቃው ተሸጠ» ይባላል።

ድካሙ የአገራችን ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠበቆች ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ የተጠየቁት የሕግ ባለሙያዎች የመንፈስ ደኅንነት በአማካይ ከ100 51 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ለሥጋት ምልክት ከሚቈጠረው ከ52 ያነሰ ነው።

«ታዲያ አጭበርባሪ ጠበቃ የለምን?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። አለ፤ ደራሲም ሊምረው አይገባም። ዳሩ ግን ሐሰተኛውን ብቻ እያሳየ የደከመውን የሚሰውር ድርሰት ገበሬውንም ይበድላል፤ የዛለ ጠበቃ የምታመልጠው አንዲት ቀን ለገበሬው የቡና ማሳው ናትና።

እንግዲህ ከደራሲዎቻችን የምንሻው ውዳሴ አይደለም። በችሎት ሲናገር የሰማነውን ሰው፣ ችሎቱ ከተነሣ በኋላ በመብራት ሥር ቀን ሲቈጥር ያሳዩን ዘንድ ነው።