የጉበት ሲሮሲስ ሕሙማንና የፈንገስ ሕመም ትርጓሜ

ወደ ውስጥ አካል ዘልቀው የሚገቡ የፈንገስ ሕመሞችን ለመመደብ ተመራማሪዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ትርጓሜ፣ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ከአሜሪካው የማይኮሲስ ጥናት ቡድን ጋር ያዘጋጀው ነው። ሰነዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ፣ በ2008 እና በ2020 ተሻሽሏል። ለተመራማሪዎች የጋራ መለኪያ በማበጀቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሰነዱ ከጉበት ሕሙማን አንጻር ሲመረመር ጉድለቱ ይታያል። በሕብረ ሕዋስ ወይም በደም ምርመራ በቀጥታ ያልተረጋገጠ ሕመም «ሳይሆን አይቀርም» ለመባል፣ ሕመምተኛው ለፈንገስ የሚያጋልጥ ሁኔታ እንዲኖርበት ይጠየቃል። የ2020ው እትም የመጨረሻ ደረጃ የደረሰ የጉበት ሕመምን ለክሪፕቶኮከስ አጋላጭ አድርጎ ሲቀበል፣ ለአስፐርጊለስና ለካንዲዳ ግን ሲሮሲስን አልዘረዘረም። ለአልኮል ወለድ የጉበት ብግነት በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ለ28 ቀናት የወሰደ ሕመምተኛ በስቴሮይዱ ምክንያት መስፈርቱን ያሟላል፤ ስቴሮይድ ያልወሰደው፣ ጉበቱ የደከመ ሕመምተኛ ግን አያሟላም።

ይህ ልዩነት ከሥነ ሕይወቱ ጋር አይጣጣምም። ኮምፕሊመንት የተባሉትን የመከላከያ ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው። በሲሮሲስ እነዚህ ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ፤ የነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስያንን የመዋጥ ኃይል ይዳከማል፤ ከአንጀት የሚመጣው ደምም በከፊል ጉበትን ሳያቋርጥ ያልፋል።

አዘጋጆቹ ትርጓሜው ለምርምር እንጂ ለዕለታዊ ሕክምና እንዳልታሰበ ገልጸዋል። መልሱ ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። የመድኃኒት ጥናቶች ተሳታፊ የሚመርጡት በእንዲህ ያለ ትርጓሜ በመሆኑ፣ የጉበት ሕሙማን ከማስረጃው ውጪ ይቀራሉ። ቮሪኮናዞልን የመሰለ በጉበት የሚብላላ መድኃኒት ሲታዘዝ ማስረጃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ለእነርሱ ነው።

ጉዳዩ ሄፓታይተስ ቢ ለሲሮሲስ ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት አንዱ በሆነባት በኢትዮጵያም ይመለከተናል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራ የሚታሰበው በአብዛኛው ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ ነው፤ ሕመሙ ግን በሲሮሲስ ሕሙማን ላይ የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት መስሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መልስ ካልሰጠ፣ ሐኪሙ ፈንገስን ሊያስብ፣ የሆዱንም ውኃ በአልጋው አጠገብ በደም ካልቸር ጠርሙስ ቀድቶ ሊያስመረምር ይገባል። የሚቀጥለው እትም አዘጋጆችም ሲሮሲስን ለአስፐርጊለስና ለካንዲዳ በተዘረዘሩት አጋላጭ ሁኔታዎች ውስጥ ቢያካትቱ መልካም ነው።