«ጠፍተው የተገኙ» ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ምሳውን ይበላል፤ ማንጎ ይገዛል፤ መንገዱን ይቀጥላል። በይፋት ኮረብቶች መካከል ኖራ፣ አስበሪና መሳል የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን የእስላም ከተሞች ፍርስራሾች እንዳሉ ከመንገደኛው ስንቱ ያውቃል? የሚያውቀውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሰማው በአንድ ሐረግ ነው፤ «ጠፍተው የነበሩ ከተሞች ተገኙ»። የእኔ ቅሬታ ከዚህች ሐረግ ጋር ነው።

ፈረንሳውያኑ ፎቬልና ኢርሽ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሦስቱ ከተሞች ያዘጋጁት ጥናት እ.ኤ.አ. የ2006 ዕትም በሆነው «አናል ዴትዮፒ» መጽሔት ወጣ። ርዕሱ ትሑት ነው፤ «ቅኝት» ነው የሚለው። «ጠፋ»ና «ተገኘ» የሚሉትን ቃላት የጨመርንበት እኛ ጋዜጠኞችና ብሮሹር ጸሐፊዎች ነን።

ታሪኩ እንኳ ይህን ማጋነን አይፈልግም ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የመኽዙሚዎችን የሸዋ ሱልጣኔት ጥሎ ይፋትን የኃይል ማዕከል አደረገ። ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚህ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው ሰብረዲን የዚሁ ቤት ሰው ነው። አል-ዑመሪም አገሩን ሳይረግጥ፣ ከሚያውቁት ሰዎች እየጠየቀ፣ በዚያው መቶ ዘመን ስለ ይፋት ጽፏል። ለካይሮና ለደማስቆ አንባቢ ያልጠፋ አገር ለአዲስ አበባ አንባቢ እንዴት ጠፋ?

በአካባቢው ለሚኖረው አርጎባ ደግሞ ጭራሽ አልጠፋም። የቦታዎቹን ስም ለአጥኚ የነገረው ማን ሆነና! አርጎባ ዛሬም ድንጋይ ካብ አዋቂ ነው፤ ቤቱም እርከኑም ይመሰክራል። የጎዜ መስጊድን የመሰለ ጥንታዊ ቤት ሲሰገድበት የኖረው የመግቢያ ትኬት ስለተቆረጠለት አይደለም።

ቃል መምረጥ ቀልድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ቦታው «የጠፋ» ከተባለ ጠባቂ አልነበረውም ማለት ነው። ጠባቂ ካልነበረው አስጎብኚው ከከተማ ይመጣል፤ ገበሬው ደግሞ ከቅርሱ ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ጥፋተኛ ሆኖ ይቆጠራል። እርግጥ ነው፣ ከፈረሰ ግንብ ላይ ለእርከን የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ አይካብም፤ ጉዳቱን አላቃልልም። ነገር ግን ማሾና ማሽላ የሚዘራ ሰው አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስድበት ድንጋይ ሲፈልግ፣ የትኛው ካብ የመስጊድ ግድግዳ እንደሆነ፣ ወሰኑም የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። አያቱ የሚያውቁትን ቦታ ግን «አገኘሁ» ብሎ የሚያመለክት ገበሬ የለም።

«ዘላቂ ቱሪዝም» የሚባለውስ? ላሊበላን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ዝናብ እንዲከላከሉ ነበር የተሠሩት፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ነዋሪው ክብደታቸውን እየፈራ እንዲነሡ ጠየቀ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኙ፣ ኋላም በጦርነቱ የውጭ እንግዳ ሲቀር፣ በጎብኚ የሚተዳደረው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ሸዋ ሮቢትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃፏ ብቻ ሳይሆን ቤቷ ገብቶ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር የአንድን ፍርስራሽ ኅልውና ከጎብኚ ኪስ ጋር ማሰር በበጋ ወንዝ ወፍጮ መትከል ነው።

መንገዱም ሎጁም ይቆይ። አስቀድሞ ካርታውና ወሰኑ ይሠራ፤ እንግዳ መጣም ቀረም ደመወዙ የማይቋረጥ ጠባቂ ከዚያው መንደር ይቀጠር። የወላስማ ቤተሰብ መካነ መቃብር ሲጎበኝም መቃብር መሆኑ አይረሳ፤ ማን ይግባ፣ እንዴት ይግባ የሚለውን የአካባቢው ሽማግሌዎች ይወስኑ። የሚቀጥለውን ብሮሹር የሚያዘጋጁ ወገኖችም «ተገኙ» የምትለዋን ቃል ሰርዘው፣ በቦታዋ የጠባቂውን ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።