አይጡ፣ ልጁና የማስረጃው ሚዛን

«ልምሻ» የሚለው ቃላችን ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በፖሊዮ የሰለለው እግር በዚህ ስም ይጠራል፤ በዘር ጉድለት ሳቢያ ከዓመት ወደ ዓመት የሚከሳው ጡንቻም በዚያው ስም ሊታለፍ ይችላል። የፊተኛውን ክትባት ይከላከለዋል፤ የኋለኛው ክትባት የለውም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1860ዎቹ የመረመረውና በስሙ የሚጠራው የጡንቻ መክሳት ከአምስት ሺህ ወንዶች ልጆች አንዱን ያህል ይይዛል። መንስኤውን፣ ማለትም ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን፣ የቦስተኑ ሉዊስ ኩንከልና ባልደረቦቹ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. አገኙት። (እናትን መውቀስ ለሚቀናው ሁሉ፦ ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ጉድለቱ ከእናት የመጣ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።)

ይህን ከምጽፍበት ከሻትሌን ብዙም በማይርቀው በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ ኡርስ ሩግና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት ታላቅ ተስፋ ጭሮ ነበር። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፌን ዲስትሮፊን ለሌላቸው አይጦች ከአንድ ዓመት በላይ ቢሰጧቸው የጡንቻቸው ኃይል በእጅጉ ተሻሻለ። ታሞክሲፌን ደግሞ ርካሽ እንክብል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ለድሃ አገር ልጅ ከዚህ የተሻለ ዜና ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ከባዝል የተመራውና ውጤቱ በ2023 የታተመው ሙከራ ተስፋውን አመከነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች የድካማቸው ግስጋሴ በመጠኑ የዘገየ ቢመስልም ልዩነቱ ለማስረጃ አልበቃም፤ አጥኚዎቹም መድኃኒቱን ለሕክምና አንመክርም ሲሉ በግልጽ ጻፉ። ቀድሞውንም አይጡ ለልጁ ጥሩ ምስክር አልነበረም። ዲስትሮፊን ባይኖረውም ዕድሜውን ሙሉ ይራመዳል፤ ልጁ ግን ያለ ሕክምና በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ መራመድ ያቆማል።

የአጥኚዎቹን ሐቀኝነት አከብራለሁ። ቅሬታዬ በሚዛኑ ላይ ነው። የአሜሪካው ሳሬፕታ የሠራውና የባዝሉ ሮሽ ከአሜሪካ ውጭ ለማከፋፈል የተዋዋለው ኤሌቪዲስ የተባለው የጂን ሕክምና 3.2 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ተቆርጦለት በሰኔ 2023 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዋናው ሙከራ የተወሰነለትን ግብ ሳይመታ ቀረ፤ ፈቃዱ ግን በ2024 ይባስ ብሎ ሰፋ። በ2025 ሕክምናውን የወሰዱና መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች በጉበት መድከም ሞቱ፤ በሐምሌም የአውሮፓው የመድኃኒት ኮሚቴ ፈቃድ እንዳይሰጠው መከረ። ተከራካሪዎቹ በሁለተኛ ደረጃ መለኪያዎች ለውጥ ታይቷል ይላሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ታሞክሲፌንም ተመሳሳይ ጭላንጭል አሳይቶ ነበር። ለርካሹ እንክብል በቂ ያልሆነው ጭላንጭል ለውዱ ሕክምና እንዴት በቃ? ለመጀመሪያው ጠበቃ የሚቆምለት ባለ አክሲዮን አለመኖሩ፣ በእኔ ግምት፣ የመልሱን ግማሽ ይነግረናል።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የተረሳ አሮጌ ነገር አለ። ፕሬድኒሶን የጡንቻውን መድከም እንደሚያዘገይ በ1989 በታተመ ሙከራ ተረጋግጧል፤ ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። ለዚህም ቢሆን በሽታው በጊዜ መታወቅ አለበት። ምልክቱን ለማየት የጂን ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ልጁ ከወለል ሲነሣ እጆቹን በጉልበቱና በጭኑ ላይ እየደገፈ በራሱ ገላ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ የክሬቲን ኪናዝ የደም ምርመራ ይታዘዛል። «ልምሻ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ግን እዚህ ምርመራ ዘንድ አይደርስም።