ኔትወርክ የማይጠብቀው መንገድ መሪ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ ለሚጓዝ አሽከርካሪ የመንገድ አመላካች መሣሪያ ሲመረጥ፣ ከስክሪኑ ስፋት ይልቅ ካርታው በራሱ በመሣሪያው ውስጥ መጫኑ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል፤ ጂፒኤስ፣ ማለትም ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚደርስ የሬዲዮ ሞገድ ቦታን የሚለየው ሥርዓት፣ ኢንተርኔትም ሆነ ክፍያ አይጠይቅምና። መሣሪያው ሞገዱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ርቀትን ያሰላል፤ ለዚህም ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጉታል፤ ምክንያቱም ከቦታው ሦስት ልኬቶች ጋር የገዛ ርካሽ ሰዓቱን ስሕተት አብሮ ማረም አለበት፤ ከብልሃቶቹ ሁሉ የሚደነቀውም ይኸው እርማት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች በሚደርሰው ሞገድ ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ባያቆም ኖሮ፣ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በአዳማ ከተማ አንዱን ጎዳና ከሌላው ባደባለቀ ነበር።

ሳተላይቱ ግን የመንገድ ስም አያውቅም፤ ስሙን የሚሰጠው ካርታው ነው። ስለዚህ አዳማን በናዝሬት፣ ባቱን በዝዋይ፣ ቢሾፍቱን በደብረ ዘይት ጭምር ፈልጎ የሚያገኝ ካርታ ይመረጣል፤ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ነጻ የዓለም ካርታ አንድን ቦታ በበርካታ ስሞች መመዝገብ ያስችላል፤ በስልክ ላይ ተጭኖም ያለ ኔትወርክ ያገለግላል። አስፋልቱ አልቆ የሰፈር ውስጥ መንገድ ሲጀምር ግን (ይህም ሳይሸሸግ መነገር አለበት) የባጃጅ ሹፌር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።