«አስቀድመው ቢነግሩኝ»

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ያዘገየውን የአክስቴን ባል ተዝካር ለመብላት ወደ መንዝ ወጥቼ ነበር። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ትገነጠሉና ብርዱን እየተቀበላችሁ ትሄዳላችሁ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የታኅሣሥ ሌሊቱን ባና ደርቦ ያደረ ያውቀዋል።

እናላችሁ፣ ቤቱ ጢም ብሏል። በሩ ተዘግቶ እሳቱ መሐል ላይ ይጤሳል። በጎቹ ጥጋቸውን ይዘው ያመነዥካሉ። እኛም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ጠላችንን እንጠጣለን። አንዱ ሲስል ሌላው ይቀበለዋል። «ምነው፣ ጉንፋኑ በረታ?» ብል ሳቁብኝ። ጉንፋን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከበሽታ የሚቆጠረው! መድኃኒቱም ወዲያው ተዘረዘረ፤ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ለበረታበት ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄ። (ስለ አረቄው ሲነሣ «እኔም በርትቶብኛል» ያለው ሰው ብዛት!)

መቼም ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። «በሌላው አገር እኮ አረጋውያን ለጉንፋን በየዓመቱ ይከተባሉ» ብዬ ትምህርቴን ጀመርኩ። አክስቴ ቀበል አድርገው፣ «ለጉንፋን መርፌ? እንግዲህ ለማስነጠስም ክኒን ሊሰጡን ነዋ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አንዲት የጎረቤት ሴት ግን አልሳቀችም። «እኔ የኮሮናውን ተከትቤ አይቼዋለሁ» አለች። «በማግስቱ ክንዴ አበጠ። ሌሊቱን ትኩሳት ሲያንዘፈዝፈኝ አደረ። ባሌ ‹ገደሏት› ብሎ ጎረቤት ጠራ። በሁለተኛው ቀን ተነሥቼ እንጀራ ጋገርኩ፤ ግን ማን ይመነኝ? ከዚያ ወዲያ ከሰፈራችን የተከተበ ሰው የለም።» ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «አስቀድመው እንዲህ ያደርግሻል ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለች።

እኔም ቃል አጣሁ። ጥያቄዋ የመታው የከተበቻትን ሴት ብቻ አልነበረም። እዚያ ተዝካር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ራሴ ያለብኝን አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2.2 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 4 ቀን፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ። በዚያው ሳምንት እነዴንማርክና እነጀርመን በጥቂት ሰዎች ላይ ደም መርጋት ታየ ብለው ይኸንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! «መካን ያደርጋል»፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ይገድላል»፣ «ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው»... ይህን ሁሉ በስልክ ሲያዛምት የነበረው ገበሬው እንዳይመስላችሁ። ዲግሪ የጫንነው ነን።

የአክስቴ ባል ያን ጊዜ ደወሉልኝ። «ጤና ጣቢያ ሽማግሌ ይከተብ ብለዋል፤ አንተ የተማርከው ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም አንድ ገጽ ሳላነብ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ ይለይለት» አልኳቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው ቆዩ። መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ሲያስላቸው ሰንብቶ አረፉ። ምርመራ የለም፣ ስሙን ያወቀው የለም። ክትባቱ ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ቃሌ ግን ባዶ እንደነበረ እምላለሁ።

በኋላ ሳነብ፣ የደም መርጋቱ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ከብዙ አሥር ሺህ ተከታቢዎች በአንዱ ላይ የሚደርስ፣ ነገር ግን ሊገድል የሚችል ጉዳት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በዚያው ወር መጨረሻ ይህንኑ በግልጽ ጽፎ፣ ጥቅሙ ግን ከጉዳቱ ያመዝናል አለ። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር ይቻል ነበር ማለት ነው። እኛ ጋ ግን አንዱ ወገን «ምንም አያደርግም» አለ፣ ሌላው «ይገድላል» አለ። የመንዟ ሴትዮ መሐል ላይ ቀረች።

የጉንፋኑ ክትባትም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካኖች «የአሳማ ጉንፋን ሊመጣብን ነው» ብለው በጥቂት ወራት ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ከተቡ። ወረርሽኙ ሳይመጣ ቀረ። ከተከተቡት ግን ከመቶ ሺህ አንድ በሚሆነው ላይ ጡንቻን የሚያዝል የነርቭ ሕመም ታየ። ዘመቻውን አቆሙት፤ ምክንያቱንም በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚሰጠው ክትባት ሲጠና ይህ ሕመም ቢበዛ ከሚሊዮን ሰው በአንድ ወይም በሁለት ላይ ነው የሚታየው። የተለመደው ጣጣው የክንድ ሕመምና የአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ነው። በመርፌ የሚሰጠው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ስለሆነ ጉንፋን አያሲዝም። ፍጹም መከላከያም አይደለም። ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር ክትባቱም በየዓመቱ ይታደሳል፤ በደህናው ዓመት እንኳ የመታመምን ዕድል በግማሽ ገደማ ቢቀንስ ነው። ታዲያ በዓለም ላይ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው በመተንፈሻ ሕመም እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ሲገምት፣ ግማሽ ማለት ቀላል ነው?

በእኛ ቋንቋ ግን አፍንጫ የሚያርሰውም፣ ሳምባ የሚዘጋውም ያው «ጉንፋን» ነው። ዋናው ችግር ከስሙ ይጀምራል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ አሥር ሺህ ሰው ፈጀ የሚባለውን፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ያዋለውን የኅዳር በሽታ አስቡት። ያ እኮ ኢንፍሉዌንዛ ነበር! በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል በጭሱ እናለቅሳለን። በሽታው ምን እንደነበረ ግን ጭሱ ውስጥ ጠፍቶብናል። ያኔ ክትባት አልነበረም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

«ገበሬው ክትባት አይወድም» የሚለው የቢሮ ተረትም ያናድደኛል። የደጋው ሰው መርፌው ሳይመጣ በፊት ከፈንጣጣ ቁስል እዥ ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ ጫር እያደረገ ይከትብ ነበር። አደገኛ ነበር፤ በዚያው የሞተም፣ በሽታውን ለሌላ ያዛመተም አለ። ሐሳቡን ግን ያውቀዋል። ክታብና ክትባት ራሳቸው «ከተበ»፣ ማለትም «ጻፈ»፣ ከሚለው ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ አንዱ አንገት ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ክንድ ላይ ይጻፋል። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ ሲጀመር «የራሳችን አለን» ብሎ ያንገራገረ ነበር። ከታቾቹ በእግርም በበቅሎም ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እየተከራከሩ ሠሩ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የለም።

ዛሬም ከግሼ ራቤል ደጋ እስከ መርሐ ቤቴ ቆላ ለኩፍኝ ክትባት ልጇን አዝላ ገደል የምትወርድ እናት ሞልታለች። ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ አይታለች። ከ1995/96 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የክትባቱን ሣጥን አንግታ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ልጅ ቢያተኩሰው ማታ ሄደው የሚጠይቋት ሰው አለች ማለት ነው። እምነት የሚባለው ነገር እኮ ከዚህ የራቀ አይደለም።

እኛ ግን «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚባል ነገር አለን። ድምፅ ማጉያ ይዘን እንሄዳለን፣ «ተከተቡ!» እንላለን፣ የተከተበውን ቆጥረን ሪፖርት እንልካለን። ስለ ትኩሳቱ ብንናገር ሰው ይሸሻል ብለን እንፈራለን። እንዲህ እያደረግን ሰውን እንደ ሕፃን እንደልላለን፤ ትኩሳቱ ሲመጣ ግን ሕፃኑ እናት ሆኖ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። አንድ የተደበቀ ትኩሳት መንደር ሙሉ ክትባት እንደሚያስቀር እኔ በዓይኔ አየሁ።

በአገራችን የጉንፋን ክትባት እንደ ሕፃናቱ ክትባት በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ መደበኛ ክትባት አይደለም። ምናልባት አንድ ቀን ይሆናል። ሲሆን ለአረጋውያኑ፣ ለነፍሰ ጡሮቹ፣ አስምና የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚሄደው መርፌው ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ወሬው ይቅደም። ያልተሸፋፈነው ወሬ።

በማግስቱ ልመለስ ስል ያቺ ሴት ደጅ ላይ አገኘችኝ። «ያ የጉንፋኑ መርፌ ቢመጣ አንተ ትከተባለህ?» አለችኝ። «እከተባለሁ» አልኳት። ዘንድሮ ግን ትምህርቴን አሻሽዬ ነበርና አከልኩበት፤ ክንድሽን ያምሻል፣ ምናልባት አንድ ሁለት ቀን ያተኩስሻል፣ ከፍ ያለው ጉዳት እጅግ ከስንት አንዴ ነው ግን አለ፣ ተከትበሽም ልትታመሚ ትችያለሽ፣ የሚገድለውን ግን በእጅጉ ይቀንሰዋል አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያው ንገራቸው» አለች፤ «የገብሱን አጨዳ ሳንጨርስ እንዳይመጡ።»