ተረከዝ የሌለው ካልሲ

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ክርና አምስት መርፌ ይዛ ቤቴ መጣች። አባቷ ደረጃ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸው ከጉልበት በታች በጄሶ ታስሯል፤ ሌሊት ሌሊት ጣታቸው በረዶ እየሆነ እንቅልፍ አጥተዋል። «እትዬ፣ የማውቀውን ካልሲ በእጥፍ ባሰፋውስ?» አለችኝ። «ተረከዙን ተዪው» አልኳት። «እኚህ ሴትዮ አረጁ» የሚል ነገር ፊቷ ላይ አነበብኩ። ተረከዝ ማዞር ስንት ወር የለፋችበት ሙያ ነውና አልፈረድኩባትም።

ተረከዝ የሚሠራው ለሚታጠፍ እግር ነው። በጄሶ የታሰረ እግር ግን ቁርጭምጭሚቱ እንደ ቦቲ ጫማ ማዕዘን ሠርቶ ደርቋል። ካልሲው የሚቸገረው ያንን ማዕዘን ሲያልፍ ነው። ሰው ሁሉ ባቱን ይለካል፣ የእግሩን ፊት ይለካል፤ ከተረከዙ ጫፍ ተነሥቶ በእግሩ መታጠፊያ ላይ የሚዞረውን ሰያፍ ግን ይረሳል። በልጅቷ አባት እግር ፊቱ 33፣ ባቱ 42 ሴንቲ ሆኖ ሰያፉ 45 ወጣ። ጄሶ እንደ ሥጋ ተጨምቆ መንገድ አይለቅም። ካልሲው እዚያ ላይ ከተወጠረ ጎትተው የሚያሳልፉት በሰውየው ጩኸት ነው።

ስለዚህ ቱቦ ሥሩ። በወፍራም ክር 10 ሴንቲ ላይ 16 ዐይን ከወጣ፣ ለ45 ሴንቲ 72 ዐይን ነው፤ ለተራ ካልሲ «ይጠብቅ» ብለን የምንቀንሰውን እዚህ አንቀንስም። ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልባጭ እየሠራችሁ በየአራት ዙሩ አንድ ዐይን ወደ ጎን አሻግሩት። መስመሩ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሰፊው ላይ ይሰፋል፣ ጠባቡ ላይ ይሰበሰባል። ፊትና ኋላ ስለሌለው በጨለማ ቢያጠልቁትም አይሳሳትም።

አንዲት ወዳጄ «በኪሮሽ በአንድ ማታ አልቆ የሚያድረውን አንቺ ሳምንት ትፈጂበታለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን የኪሮሽ ሥራ እንደ መርፌ ሥራ አይሳሳብም። ኪሮሽ ለሶፋና ለቴሌቪዥን ዳንቴል ይሁን፤ በዚህ ሃያ ዓመት ተከራክረናል፣ ቡናችንንም አላቆምንም።

እኔ ግን ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። በባልትና ክፍል ሹራብ መሥራት ተምሬ ነበርና፣ በጄሶ ታስሮ በመጣበት ማታ የአባቴን ሹራብ እጅጌ ቆርጬ፣ ጫፉን ጥብቅ አድርጌ ሰፍቼ አጠለቅኩለት። ጄሶ በደቂቃዎች ይጠነክራል፤ ውስጡ እስኪደርቅ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ለዚያውም ነፋስ ሲያገኘው። ጠዋት ስንገልጠው እርጥብ ነበር። ጣቶቹም «ደነዘዙ» ብሎ አለቀሰ። ይዘነው ስንመለስ ነርሷ ያንን ካልሲ ገፈፈችና አውራ ጣቱን ጥፍሩ ላይ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣና ቀስ ብሎ ቀላ። ያቺን የነጣች ጥፍር እስከ ዛሬ አያታለሁ። ከዚያ ወዲህ በጣት በኩል አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ሳልተው ዘግቼ አላውቅም። ጣት መታየት አለበት፤ በአንድ ስበት የማይወልቅ ካልሲ ለጄሶ አይሆንም።

ሁለተኛውን ካልሲ የሠራሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ለባና የሚሆን ሱፍ በእንዝርት ስትፈትል ነው ያደግሁት። የመንዝ ሱፍ ይኮሰኩሳል፣ ስለዚህ ለካልሲ አስቤው አላውቅም ነበር። «ጄሶ ይበላዋል እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ጄሶ አይበላውም! ጣቶቹን የሚነካውን ጫፍ ብቻ ከተተረተረ የሕፃን ሹራብ ለስላሳ ክር ሠራሁት፤ የቀረው ሁሉ የእሷ ግራጫ ሱፍ ሆነ። እሷ እየፈተለች፣ እኔ እየሠራሁ፣ ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ እየተነጫነጨ ሦስት ማታ አመሸን። እናቴ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ሙያዬን ስታመሰግንም ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ክሩ ሊያልቅብኝ ሲል ቀና ብላ ታይና ሳልጠይቃት ታቀብለኝ ነበር።

ጄሶው ሲፈታ ካልሲውን ተረተርኩት። ከዚያ ወዲህ ያ ሱፍ የሦስት ሰው እግር አሙቋል፤ ለልጅቷ አባት የሠራነውም ከእሱ ነው። ሰውየው በካልሲው ሲሚንቶ ላይ እንዳይቆሙ አስጠንቅቄ ሰጠኋት፤ ያንሸራትታል፣ ለአልጋና ለወንበር ብቻ ነው።

እኔ ዘንድ የምትመጡ ጄሶው በደንብ ከደረቀ በኋላ ኑ። ሜትር ከሌላችሁ ሲባጎ ይበቃል፤ ሰያፉን ለክታችሁ ቋጥራችሁ አምጡልኝ።