«ገበያ ላይ የለም»

ለሽያጭ ያልቀረበ ነገር ይሰረቃል ወይ? ጥያቄው የሕግ ተማሪዎች መከራከሪያ ይመስላል እንጂ የእኛው የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው። አንድ መጽሐፍ አለ እንበል። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዴ ታትሞ አለቀ። አሳታሚው ድርጅት ፈርሷል፤ ደራሲው አርፈዋል፤ ወራሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። አዟሪውን ብትጠይቁት «ገበያ ላይ የለም» ይላችኋል። ቴሌግራም ላይ ግን አለ። ገጹ ተንጋዶ፣ የአንባቢው ይሁን የአንሺው የማይታወቅ አውራ ጣት ጥግ ላይ ገብቶበት፣ ግን አለ። ታወርዱታላችሁ ወይስ «የሰው ንብረት ነው» ብላችሁ ትተዉታላችሁ?

እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ አወርደዋለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለአርባ ተማሪ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረውን ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ያከፋፈልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ተነሥቼ ጻድቅ ልሁን ብል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። (አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው ደራሲ ሆነው በፒዲኤፍ ይዘረፋሉ። እሱን እንመጣበታለን።)

የብራና መጻሕፍታችንን የገለጠ ሰው መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ገጽ ላይ ግዝት ሳያገኝ አይቀርም። መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ነው ነገሩ። የሰረቀ የተባለው ጥራዙን ከዕቃ ቤት ይዞ የወጣ ነው። የፋቀ የተባለው ደግሞ ቀለሙን በምላጭ ፍቆ የባለቤቱን ስም የሚያጠፋ ነው። የገለበጠ ግን በግዝቱ የለበትም። እንዴትስ ይኖርበታል? መጽሐፉ ራሱ እዚያ የደረሰው ተገልብጦ አይደለም እንዴ! በእርግጥ ያ ዘመን ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ከኅትመት ሽያጭ የሚጠብቀው ሳንቲም አልነበረም። ቢሆንም መገልበጥንና መፋቅን ለይተው ማየታቸው ዛሬም ይጠቅመናል።

«ገበያ ላይ የለም» የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከስብሰባው ያመለጠው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ እየተባዛም ነው ያን ክፉ ጊዜ ያለፈው። ያኔ ያነበበውን ሰው ሌባ የሚለው ማን ነው? ከበዓሉ የሰረቀውስ ምንድን ነው? ደራሲውንና አንባቢውን የነጠላቸው መንግሥት ነው፤ አባዢው መልሶ አገናኛቸው። እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ ሕግ መጥቀስ ነውር ይመስለኛል።

ሕግ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ፣ ወራሾቹን ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የሐዲስ ዓለማየሁን መቁጠር ቀላል ነው። ያረፉት በኅዳር 1996 ነው፤ እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 የወራሾቻቸው ነው። የበዓሉን ግን ከየትኛው ቀን እንቁጠር? የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ካለ አልተናገረም።

ሌላው ዓይነት ማንም ሳይከለክለው ከገበያ የጠፋው ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ወጣቱ ግን ደፈረ፤ ሥራውን ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ ጥቂት የማይባለው የወጣው እንግዲህ ድንጋጌ ተጥሶ ነው። ከአብዮቱ በኋላ አምሃ አሜሪካ ሲሄድ ሸክላዎቹ ዳግም ሳይታተሙ ቀሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሙዚቃውን ያቆየው የየቤቱ ቴፕ ነው። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው እስኪመስል ድረስ ተቀዳ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከአምሃ ጋር ተስማምቶ እነዚያን ሥራዎች በፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ፈረንሳይ ውስጥ ሲያወጣቸው፣ ሙዚቃው ገበያ ላይ ተመለሰ ተባለ። የማን ገበያ ላይ? በፍራንክ፣ በኋላም በዩሮ የሚሸጥ ሲዲ ለፒያሳ ልጅ ምኑ ነው? ያንን ሲዲ አዲስ አበባ ውስጥ ቀድቶ ያዳመጠን ሰው፣ ሱቁ ከቤቱ በር ላይ ካለው የፓሪስ ቀጂ እኩል መኮነን ይከብደኛል። ቀድቶ መርካቶ የቸረቸረውን ግን እኮንናለሁ። ሸጦ ሲያበቃ ገበያ የለም ማለት አይችልማ! ገበያው እሱ ራሱ ነው።

ወደ ቴሌግራሙ ልመለስ። ከኅትመት የጠፋውን የ1960ዎቹን ልብ ወለድ ባለፈው ወር ከወጣ መጽሐፍ ጎን የሚደረድሩ ቻናሎች አሉ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው መሸፋፈኛ ነው። «ቅርስ እያዳንን ነው» ይላሉ። አራት ኪሎ አዟሪው እጅ ላይ ያለ መጽሐፍ ከምን አደጋ ነው የሚድነው? ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቆርጠው መጣላቸው ነው። የአሳታሚው ስም የለም፤ ዓመተ ምሕረቱ የለም፤ ደራሲው «ለእናቴ» ብሎ የጻፈው መታሰቢያ እንኳ የለም። በምትኩ የቻናሉ ስም በየገጹ መሃል ተገትሯል። የትኛው እትም እንደሆነ በማይታወቅ መጽሐፍ ተማሪ ምን ብሎ ጥናት ይጽፋል? መፋቅ ማለት ይሄ ነው፤ ምላጩ ብቻ ተቀየረ።

«ገበያ ላይ ከሌለ ማን ተጎዳ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄጄ የአንድ አንጋፋ ደራሲ ሥራ በድጋሚ እንዲታተም ለማግባባት ስሞክር «ጋሼ፣ ፒዲኤፉ ወጥቷል እኮ፤ ማን ይገዛናል?» ተባልኩ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ቅጂው የወጣው መጽሐፉ ስለጠፋ ነበር፤ አሁን መጽሐፉ የማይወጣው ቅጂው ስላለ ሆነ። ደራሲው በሕይወት አሉ። ይህንኑ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣

«ሰው ማንበቡን አልጠላሁም» አሉኝ። «በፎቶ ኮፒ የሚሸጠውን ልጅ ግን አንድ ነገር ብጠይቀው ደስ ይለኛል። ለወረቀቱ ይከፍላል፣ ለቀለሙ ይከፍላል፣ ለመብራቱ ይከፍላል። እኔን ምን ብሎ ነው የዘለለኝ?»

መጽሐፋቸው ጀርባ ላይ የታተመው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ዛሬም የሳቸው ነው። አንድ ሰው እንኳ አልጻፈላቸውም። እንግዲህ እኔ ቀጂውን የምጠይቀው «ገበያ ላይ አለ ወይ?» ብቻ ብዬ አይደለም። ባለቤቱን ፈልገሃል ወይ? ስሙን አኑረሃል ወይ? ሳንቲም ተቀብለሃል ወይ? መጽሐፉ ዳግም ሲታተምስ የአንተን ቅጂ ታነሣለህ ወይ? ለእነዚህ ቀና መልስ ያለው ሰው ቤቴ ይምጣ፤ ቡና አፈላለታለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ በአባዢ ላይ ማላከክም ደግ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2013 የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች መጽሐፍ በብሬልና በድምፅ ሲዘጋጅ የባለመብቱ ፈቃድ እንዳይጠበቅ መንገድ የሚከፍት ነው። የራሳችን አዋጅም ቤተ መጻሕፍት የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂያቸውን በአግባቡ ከገበያ ማግኘት ካልቻሉ አባዝተው እንዲተኩ ይፈቅድላቸዋል። በሩ ክፍት ነው፤ የጠፋው የሚገባበት ነው።

በቅርቡ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ከኅትመት የጠፋ ልብ ወለድ ጠየቅሁ። ልጁ ከመደርደሪያው ሥር «ማስተሩን» አወጣልኝ። የርዕሱ ገጽ ላይ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ክብ ማኅተም አብሮ ተባዝቶ ይታያል፤ ከሥሩም የመዝገብ ቁጥሩ። ቁጥሩን ጽፌ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ካርዱ አለ፤ መጽሐፉ የለም። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ደርሳ ብትፈልግም አጣችው። ይቅርታ ጠየቀችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጋ ቢሞክሩ አያጡትም» አለችኝ።